ድንጋዩ አላለቀም፦ የሬዲዮ ጣቢያ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች አያያዝና እድሳት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ከተወጣ በኋላ ኮሶዬ ይገኛል። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ቆላው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል፤ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣሩን ይነጫል። በዚህ አገር ቤት ውስጥ ሲያወራ የቆየ ሬዲዮ ድንገት ዝም ቢል የሚጠረጠረው ጣቢያው አይደለም፣ የባትሪ ድንጋዩ ነው። ባለቤቱ የኋላውን ክዳን ይከፍታል፤ ድንጋዮቹን አውጥቶ በጥርሱ ይነክሳል፤ አልሆን ሲል ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ጣቢያው ከ20 ሰኮንድ በኋላ ተመልሶ ዘፈኑን ቢቀጥልም እዚያ ቤት የሚሰማው የለም። ሬዲዮው ሆዱ ተከፍቶ መደብ ላይ ተጋድሟል፣ ድንጋዮቹ ደጅ ናቸው።

በስቱዲዮ «አየሩ ዝም አለ» እንላለን። የዝምታን ጉዳት ባመለጠ ማስታወቂያ የሚለኩት አሉ፤ ለእኔ መለኪያው ያ የተከፈተ ሬዲዮ ነው። በጣቢያዎች የቴክኒክ ክፍል ስመላለስ ካየኋቸው ዝምታዎች ብዙዎቹ ከማሠራጫው አልመጡም። የመጡት ዘፈኑን፣ ማስታወቂያውንና የዜና መግቢያውን በየሰዓቱ ከሚያሰልፈው ኮምፒውተር ነው። ይህ ዳሰሳ ስለዚያ ኮምፒውተር ነው፤ በሊኑክስ ሲሠራ እንዴት እንደሚያዝ፣ መቼስ እንደሚታደስ።

ነገሩ በአገራችን ረጅም ታሪክ የለውም። በ1927 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ሬዲዮ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በእጅ ሥራ ነው፤ ሸክላ አዙሮ፣ ክር ቴፕ ጠምጥሞ፣ በምላጭ ቆርጦ በማጣበቂያ ቀጥሎ። የአብያተ ክርስቲያናት ጣቢያ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. በሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሠራጫዎች ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪካና እስያ ሲያስተላልፍ በጊዜው ከአህጉሩ ዘመናዊ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ እዚያም ቢሆን ቴፑን የሚያስነሣው የሰው ጣት ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. አየር ላይ በዋሉበት ዘመን ነው ኮምፒውተሩ ከጽሕፈት ክፍል ተነሥቶ ስቱዲዮ የገባው። ዛሬ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ፋናም በጎንደር ኤፍ ኤም ሥርጭት አላቸው፤ የኅብረተሰብ ሬዲዮዎችም በየቦታው ተከፍተዋል። ሌሊቱን ሙሉ ጥበቃው ብቻ ግቢ ውስጥ እያለ ጣቢያ ሊያወራ የሚችለው በዚህ ማሽን ምክንያት ነው።

እኔ በገባሁባቸው ስቱዲዮዎች ያ ማሽን በአብዛኛው ዊንዶውስ ነው፤ ማጫወቻው ደግሞ ቁልፉ የተሰበረ፣ «ክራክ» የምንለው ቅጂ። ጋዜጠኛው ከወረዳ ቃለ መጠይቅ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ከሦስት ኢንተርኔት ቤት የሰበሰበውን ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ ዘፈኑ ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ «ሾርትከት» ይለወጣል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ሲደረግ ማስታወቂያው አብሮ ይሄዳል፣ የዓመት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ፈቃዱን ከፍሎ መግዛት የፈለገ ሥራ አስኪያጅም መጀመሪያ ዶላር ማግኘት አለበት፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዋጋው በብር ሲታሰብ ሌላ ነገር ሆኗል። በላዩ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በየጣቢያው ያሉትን አሮጌ ማሽኖች አይቀበላቸውም። በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ እዚህ ጋ ነው የሚነሣው።

በነፃ መገኘቱ ግን ያለ ወጪ ነው ማለት አይደለም። ወጪው ከገንዘብ ወደ ሰው ይዞራል፤ ይህን ሳያስቡ የገቡ ጣቢያዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ክራክ ዊንዶውስ ሲጭኑ አይቻለሁ።

ለዚህ ሥራ ከተዘጋጁት ፕሮግራሞች ዕድሜ የጠገበው ሪቬንዴል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በፍሬድ ግሊሰን መሪነት የተገነባ ሲሆን መጀመሪያ ያቆመው በአሜሪካ የክርስቲያን ጣቢያዎች ባለቤት የሆነው ሳሌም በቴክኒክ ክፍሉ በኩል ነው። (ብሥራተ ወንጌልን የሚያስታውስ ሰው ፈገግ ይላል፤ የሬዲዮ ቴክኒክ በአብያተ ክርስቲያናት በር ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።) ሪቬንዴል ዘፈኑን፣ ማስታወቂያውን፣ ጂንግሉን በቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሳምንቱን በ168 ሰዓት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሰዓት ምን በምን ተራ እንደሚሰለፍ ንድፍ ያወጣል፤ ከዚያ የዕለቱን ሰሌዳ ያወርዳል። አቅራቢው ማይክ ፊት ተቀምጦ በእጁ ሊመራው ይችላል፤ ሲሄድ ራሱን ችሎ ይቀጥላል። መዝገቡን የሚይዘው ማሪያዲቢ ወይም ማይ ኤስ ኪው ኤል ነው፤ ድምፁ በሃርድ ዲስኩ ላይ በተለየ ማኅደር ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሊብሬታይም ነው፤ መነሻው ፕራግ የሚገኘው ሶርስፋብሪክ ያወጣው ኤርታይም ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ተነጥሎ ወጣ። ኤርታይም ዳካር ባለው የምዕራብ አፍሪካ ዴሞክራሲ ሬዲዮ ሲሠራ የቆየ ነው። ሙሉ በሙሉ በብራውዘር የሚከፈት በመሆኑ አዘጋጁ ከየትኛውም ጠረጴዛ፣ በየትኛውም ደካማ ኮምፒውተር ዝግጅቱን ይጭናል። ከበስተጀርባ ድምፁን የሚያስተናብረው ሊክዊድሶፕ የሚባል፣ ፈረንሳይ ውስጥ በተማሪዎች የተጀመረ መሣሪያ ነው። በካናዳ ዩኮን ደግሞ ለርቀት መንደሮች የተሠራ ኦፕንብሮድካስተር የሚባል አለ፤ ብርድና ተራራ ለሚያውቅ አንባቢ ይህኛው ባይተዋር አይሆንም።

የቱ ይሻላል? ቀኑን በቀጥታ ሥርጭት፣ በስልክ ተሳትፎና በሰዓቱ በሚነበብ ዜና ለሚያሳልፍ ጣቢያ ሪቬንዴልን እመርጣለሁ። በቀን ለጥቂት ሰዓት ለሚያስተላልፍ፣ ዝግጅቱን አስቀድሞ ቀርጾ ለሚያስገባ የኅብረተሰብ ሬዲዮ ሊብሬታይም ይቀልላል። ኢንተርኔት ሬዲዮ ብቻ ለሚያካሂድ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ላለ ሀበሻ፣ ሁለቱም ከሚያስፈልገው በላይ ናቸው። ስለ ምርጫው ከዚህ በላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል፤ ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ፣ ሁለቱም የሚወድቁት በተመሳሳይ ምክንያቶች ነው።

ምክንያቶቹ ታዲያ መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ከተጻፉት ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። መመሪያውን የጻፈው ሰው መብራት አይሄድበትም፤ የሚኖረውም በቆላ ነው።

ከከፍታው ልጀምር። ለብዙ ሃርድ ዲስኮች አምራቾች የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው፤ በእግር ሲለካ 10,000። የሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው አንባቢ ጫፍ የተሸከመው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ኮሶዬ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ አገር ነው፤ የስሜን ተራሮች መንገድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል። ጎንደር ከተማ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ችግሩ አያሳስባትም፤ ነገር ግን አንድ ጣቢያ ተራራ ላይ ባለ የማሠራጫ ቤት ውስጥ መጠባበቂያ ማሽን አስቀምጣለሁ ካለ ሃርድ ዲስኩን ትቶ የማይሽከረከረውን ኤስ ኤስ ዲ ይግዛ። በ3,000 ሜትር የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። «እዚህ ብርድ ነው፣ ኮምፒውተሩ አይሞቅም» የሚለው አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ የበጋው አቧራ ይወስደዋል፤ መስከረም ላይ ያልተጠረገ ማራገቢያ ለፋሲካ አይደርስም።

የመብራቱ ጉዳይ የታወቀ ቢሆንም አንድ ነጥብ ይታለፋል። ማሽኑን የሚገድለው የመብራቱ መሄድ ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም ጭምር ነው፤ ሲመለስ ከ220 ቮልት በላይ ዘሎ ይመጣል። ዩ ፒ ኤሱ ዋጋው ሰማይ ከነካ ወዲህ ባትሪው ሲሞት የሚቀይርለት የለም፤ መብራቱ እየበራ ቆሞ ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ እኔ ላፕቶፕን አደንቃለሁ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ግን ለአንድ ሰዓት የሚቆይ አሮጌ ላፕቶፕ ከአዲስ ባለ ማማ ኮምፒውተርና ከሞተ ዩ ፒ ኤስ ይበልጣል። በኤሌክትሪክ ፍጆታውም ትንሽ ስለሆነ የፀሐይ ኃይል ያለው ጣቢያ ሌሊቱን ሊሸከመው ይችላል።

መብራት በሄደ ቁጥር የሚሰቃየው መዝገቡ ነው። የድሮዎቹ የሪቬንዴል ጭነቶች ሰንጠረዦቻቸውን ማይ አይሳም በሚባለው አቀማመጥ ይይዙ ነበር፤ ይህ አቀማመጥ እየጻፈ ሳለ ከተቆረጠ ሰንጠረዡ «የተሰበረ» ተብሎ ይዘጋል፣ ጠዋት የመጣው ቴክኒሻን ጠግኖ ማስነሣት አለበት። ኢኖዲቢ የተባለው ግን የሚጽፈውን አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ መብራት ሲመለስ ራሱን ያስተካክላል። በየሁለት ቀኑ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህን አንድ ለውጥ ማድረግ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በማዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጥ ሲ አር 2032 የምትባል ጠፍጣፋ ባትሪ አለች፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። ማሽኑ ሲጠፋ ቀንና ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። አንድ ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ይህች ባትሪ ሞታ ማንም አላወቀም፤ ኢንተርኔቱ በበራ ቁጥር ሰዓቱን ያስተካክለው ነበርና። አንድ ሌሊት መብራቱም ኢንተርኔቱም አብረው ሄዱ። ሲነጋ ማሽኑ ራሱን እ.ኤ.አ. 2010 ውስጥ አግኝቶ ተነሣ። የዚያን ዕለት ሰሌዳ ፈለገ፣ የለም። የጠዋቱ ተረኛ ጨነቀውና ከወር በፊት የነበረ ሰሌዳ በእጁ ጫነ፤ ዘፈኑ ተጀመረ፤ ሁላችንም ተነፈስን። ችግሩ የታወቀው የአንድ ሆቴል ባለቤት ሲደውሉ ነው፦ ውላቸው ያለቀ ማስታወቂያ ለምን ይሰማል? ፕሮግራሙ ጊዜው ያለፈበትን ማስታወቂያ ራሱ ይዘላል፤ ለዚህ ማሽን ግን የማብቂያው ቀን ገና ዓመታት ይቀሩታል። እስከ ቀትር ድረስ ባለፈው ወር የሞቱ ማስታወቂያዎች ሁሉ ተነሥተው ሲናገሩ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የማይታመንበት ጣቢያ ሁሉ ከጣሪያው ላይ ትንሽ የጂ ፒ ኤስ መቀበያ እንዲያስር እመክራለሁ፤ ሰዓቱን ከሰማይ ይወስዳል፣ የማንንም ኔትወርክ አይለምንም።

በዚያው ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር አለ። ማሽኑ ቀኑን የሚቀይረው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ላይ ነው። አዘጋጁ «የማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን የማታ ተረኛው ለማሽኑ ማክሰኞ ብሎ ያስገባዋል፤ ማሽኑ ግን ያንን ሰዓት ረቡዕ ብሎ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜን የሚባል ወር በእነዚህ የሰሌዳ ፕሮግራሞች ውስጥ የለም። በሰሙነ ሕማማት ዘፈኑ ቆሞ በገናው የሚገባባት ሳምንት በየዓመቱ ቦታዋን ትቀይራለች። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰላ ጥቂት መስመር ፕሮግራም ጽፎ የዓመቱን ሰሌዳ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ወጣት ያለው ጣቢያ ታድሏል፤ ሊኑክስ ለዚህ ዓይነት ሥራ ክፍት መሆኑ ከሁሉ በላይ የምወድለት ነገር ነው።

ስለ ፊደሉ ደግሞ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ሊጻፍ ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ማይ ኤስ ኪው ኤል እስከ 8ኛው ሥሪት፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ፣ ካልነገሩት በቀር የሚይዘው የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። በዚህ የተነሣ አሮጌ መዝገቦች ውስጥ የዘፋኙ ስም በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይገኛል፤ ስድስት ጥያቄ ምልክት ማን እንደሆነ ዘፈኑን ከፍቶ ማዳመጥ ነው። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተመዘገበ ፊደል አይመለስም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች የተጻፈ የዜና ማኅደርም ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ እሱን ግን መቀየሪያ ፕሮግራም ያድነዋል። የፋይል ስምስ? ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኤክስት 4 ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ ከ85 ፊደል በላይ የሆነ ስም አይቀመጥም። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ገደቡ የማይታይ ነው። የዘፈኑን፣ የዘፋኙን፣ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች በፋይሉ ስም ላይ ለሚዘረዝር የእኛ ዲስኮቴክ ሠራተኛ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ይደርስበታል።

በላዩ ላይ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለማሽኑ ሁለት ቃል ናቸው። አንዱ ተረኛ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ጽፎ ያስገባውን አንድ ዘፈን ማሽኑ እንደ ሁለት ዘፈን ቆጥሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ያጫውተዋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ተጨማሪ የመፈለጊያ ዓምድ መዝገቡ ላይ ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉን፤ ዓምዱን ሰው አያየውም።

ድምፁ ላይ የሚመጣው ስሕተት ደግሞ እድሳት በተደረገ ማግስት የሚመጣ ነው። ማሽኑ ሁለት የድምፅ ካርድ አለው እንበል፤ አንዱ ወደ ሚክሰሩ ሄዶ አየር ላይ ይወጣል፣ ሌላው ለተረኛው ጆሮ ማዳመጫ ነው። ሊኑክስ ካርዶቹን በተነሡበት ቅደም ተከተል ዜሮና አንድ ብሎ ይጠራቸዋል። አዲስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ሲጫን ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተረኛው በጆሮው ብቻ ሊሰማው የሚፈልገው ሁሉ አገር ይሰማዋል። ካርዱን በቁጥሩ ትቶ በስሙ መጥራት ይህን ለዘለዓለም ይዘጋል፤ በጣም ቀላል ነገር ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ግን ከተዋረደ በኋላ ነው። ውድ የስርጭት ካርድ የገዛ ጣቢያ የከርነሉ እድሳት በመጣ ቁጥር የካርዱ ሾፌር አብሮ መገንባቱን ያረጋግጥ። ደረጃውን የጠበቀ ዩ ኤስ ቢ ካርድ ሾፌር አይፈልግም፤ ለትንሽ ጣቢያ ይበቃል። ለድምፅ ይጠቅማል እየተባለ ብዙ የተወራለት የቅጽበታዊ ምላሽ ከርነል ሃያ ዓመት ገደማ በውጭ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 በዋናው የሊኑክስ ከርነል 6.12 ሥሪት ውስጥ ገብቷል፤ ደስ ይላል፣ ግን የተቀረጸ ዘፈን ለሚያጫውት ማሽን አያስፈልግም።

የዴስክቶፑን ጨዋነት ማጥፋት ግን ያስፈልጋል። የኡቡንቱ ሊኑክስ ዴስክቶፕ ለቤት ኮምፒውተር የተዘጋጀ ነውና ማንም ካልነካው ይተኛል፣ መልእክት ሲመጣ ድምፅ ያሰማል፣ እድሳቱን ራሱ አውርዶ ይጭናል። አየር ላይ ያለ ማሽን አይተኛም፣ አያፏጭም፣ ራሱን አያድስም።

እድሳቱ ራሱስ? «የሚሠራን አትነካካ» የሚል ሕግ በየቴክኒክ ክፍሉ አለ፤ እኔም ለዓመታት አምኜበታለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሴንት ኦ ኤስ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። የሪቬንዴል ሦስተኛ ሥሪት የተለመደ ማደሪያው ሴንት ኦ ኤስ 7 ነበር። 8ኛው እስከ እ.ኤ.አ. 2029 እንዲቆይ ታቅዶ ሳለ ባለቤቶቹ ሐሳብ ቀይረው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዘጉት። 7ኛው ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ዘመኑ አበቃ፤ ፕሮግራም የሚወርድበት አድራሻም አብሮ ጠፋ። ነገ አንድ ሃርድ ዲስክ ሞቶ አዲስ ላይ እንደገና ልጫን ያለ ሰው የለመደውን ትእዛዝ ይጽፋል፣ መልስ የለም። የቆዩት ጥቅሎች በማኅደር ተቀምጠዋል፤ አድራሻውን በእጅ ካልቀየሩለት ግን ማሽኑ አያገኛቸውም። ማሽኑ አምስት ዓመት ሳይነካ በመሥራቱ የተኩራራ ጣቢያ ያን ዕለት የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑን እንደገና መሥራት የሚችል ሰው የለውም።

ስለዚህ ማደስ ግድ ነው፤ አየር ላይ ያለውን ማሽን በቦታው ማደስ ግን ሞኝነት ነው። የሪቬንዴል መዝገብ ወደ አዲስ ሥሪት ሲሸጋገር ቅርጹ ይለወጣል፤ ያንን መዝገብ የሚጋሩት የስቱዲዮው፣ የዜና ክፍሉና የማስታወቂያ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ቀን አብረው መሻገር አለባቸው። አንዱን ሞክሬ ልየው ማለት አይቻልም። የሚያዋጣው መንገድ ከጎኑ ሌላ ማሽን ማቆም ነው፦ ዴቢያን ወይም ሮኪ ወይም ኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ሥሪት አዲስ ተጭኖበት፣ የመዝገቡና የድምፁ ቅጂ ተገልብጦለት፣ ሁለት ሳምንት አየር ሳይወጣ ያንኑ ሰሌዳ ጎን ለጎን እያጫወተ። አሮጌው ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይፈርስ ይቆማል። የአምስት ሺህ ዘፈን ስብስብ እያንዳንዱ በአማካይ አራት ደቂቃ ሆኖ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ 230 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ዛሬ አንድ መካከለኛ ኤስ ኤስ ዲ ይይዘዋል። የተላለፈውን ሁሉ ቀርጾ ማቆየትም በሰኮንድ 256 ኪሎ ቢት ቢቀረጽ በቀን ከ2.8 ጊጋባይት አይበልጥም፤ ወሩ 83 ነው። ሁለተኛ ማሽን ማቆም የማይችል ጣቢያ የለም፤ በየመጋዘኑ «ተበላሸ» ተብሎ ከተከመረው ውስጥ ግማሹ ራም በማጽዳት የሚነሣ ነው።

ጊዜውን መምረጥ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ጎንደር ላይ ከገና እስከ ጥምቀት ማግስት ማንም ማሽን አይነካም፤ ጥር 11 ቀን ከፋሲል መዋኛ በቀጥታ እየተላለፈ አየሩ ዝም ካለ ቴክኒሻኑ ከተማ መልቀቅ ነው ያለበት። ክረምቱም መብረቅ አለው። በመካከል ያለው፣ ከጥር አጋማሽ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ይመቻል። ከሰዓት ሁሉ ለቅያሪ ሌሊት ይመረጣል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሌሊት ቢበላሽ የሚያግዝ የለም፣ ሱቅ ዝግ ነው፣ ኬብል የሚሸጥ የለም። ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሁሉም ሠራተኛ ባለበት፣ ማይኩ ላይ ተናጋሪ ተቀምጦ እያወራ ቢቀየር ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ የእድሳት ልማድ ለእኛ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አገሩ በሙሉ ለሳምንታት ከኢንተርኔት ተቆርጦ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ዋዜማ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገውን ጥቅል ሁሉ በአንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጦ ያስቀመጠ ጣቢያ ሥራውን ቀጠለ። ዴቢያን ለዚህ ምቹ ነው፤ የሚያስፈልገውን ማከማቻ ሙሉ ቅጂ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛ አስቀድቶ በመንገደኛ እጅ መላክ ይቻላል። የአየሩ ማሽን ከኢንተርኔት ጋር ጭራሽ ባይገናኝ እመርጣለሁ፤ በኢንተርኔት የሚያሰራጨው ሰርቨር ለብቻው ይቁም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ጥቂት ትናንሽ ጣቢያዎች ድምፅ ወደ ማሠራጫ የሚያደርሱበት መሣሪያ የይለፍ ቃሉ ደካማ ሆኖ ተገኝቶ ባዕድ ሰው ገብቶበት ለሰዓት ያህል ጸያፍ ወሬ አሰራጭቶባቸዋል። መሣሪያውን ማጥፋት እንኳ አልቻሉም፤ ማሠራጫው ድረስ በመኪና መሄድ ነበረባቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀረው ሰው ነው። በየጣቢያው «እሱ ነው የሚያውቀው» የሚባል አንድ ልጅ አለ። ያ ልጅ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ ወይም ውጭ አገር ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት የምጠይቀው ደብተር ነው፤ የወረቀት ደብተር፣ ባለ ጥቁር ልባስ፣ ከማሽኑ ጎን በገመድ የታሠረ። የትኛው ኬብል የት እንደሚገባ፣ ምን ቀን ምን እንደተቀየረ፣ ማሽኑ ሞቶ አዲስ ቢመጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን እንደሚጻፍ። በዓመት አንዴ ደብተሩን ለማያውቅ ሰው፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ ለመጣች ተማሪ ለምሳሌ፣ ሰጥቶ ባዶ ማሽን ላይ ጣቢያውን አስነሺ ማለት ነው። የተሰናከለችበት ገጽ በደንብ ያልተጻፈ ገጽ ነው።

ባለፈው ጊዜ አንድ ጣቢያ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማሽን ሲሻገር እኔ ስቱዲዮ አልነበርኩም። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው የራሱን ሚክሰር ነው፤ አየሩን የሚያውቀው ሬዲዮ የያዘ ሰው ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከተራራ ኋላ ያለ ሰፈር አጠገቡ ሆኖ ሳይሰማ፣ ከቆላው 800 ሜትር ከፍ ያለ አፋፍ ግን እስከ 116 ኪሎ ሜትር አድማስ አለው። ስለዚህ ኮሶዬ ወጥቼ የማውቃቸው አዛውንት ቤት ተቀመጥኩ፤ ስልክ በአንድ እጄ፣ ፊት ለፊቴ የእሳቸው ሬዲዮ። 9 ሰዓት ሲሆን «ቀይሩ» አልኩ። ተናጋሪዋ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ድምፁ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የአዛውንቱ እጅ ወደ ሬዲዮው ጀርባ ሲሄድ አየሁና «ቆይ አባባ፣ አይክፈቱት፣ ይመለሳል» አልኩ። ስድስት ላይ ዘፈኑ ገባ፤ ጥርት ያለ፣ ከቀድሞው ትንሽ ከፍ ያለ።

እጃቸውን ሰብስበው አዩኝ። «ድንጋዩ እንኳ አዲስ ነው፣ ቅዳሜ ነው የገዛሁት» አሉኝ። «ያለቃችሁትስ እናንተ ናችሁ።»